ከፍተኛ ውጤት ያገኘው የፊደል ገበታዬና ሊያነቡት ያልቻሉት ልጆች

ጥቁር ቀለም (ውይይቱን የከፈተው) — ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ነኝ፤ በመስከረም አራተኛና የመጨረሻ ዓመቴን እጀምራለሁ። በዚህ ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ወረዳ በበጎ ፈቃድ ተመዝግቤ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የአማርኛ ንባብ ማጠናከሪያ፣ ልጆቹ እንደሚሉት «ቲቶሪያል»፣ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ በጎ ፈቃድ ጥቅም አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት የተማርኩት ሙያ በአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ፊት እንዴት እንደተንገዳገደ ለመናገርና ከእናንተ ምክር ለመጠየቅ ነው።

ባለፈው መንፈቀ ዓመት አዲስ የአማርኛ ፊደል ቅርጽ አዘጋጅተን በፖስተር እንድናቀርብ ታዘን ነበር። የእኔ ሥራ እያንዳንዱ ፊደል በእኩል ካሬ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ የተሳለ፣ የመስመሩ ውፍረት ከላይ እስከ ታች የማይለወጥ፣ እግሮቹም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ የሚያርፉ ነበር። የኃምሱን ቀለበት ወደ ነጥብ አሳነስኩት፤ ራብዑንና ሳብዑን ከግዕዙ የሚለየውን የእግር መርዘምና ማጠር ደግሞ ዓይን እንዳይረብሽ ብዬ ወደ ጥቂት ሚሊሜትር አወረድኩት። ገምጋሚዎቹ «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ፤ ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት አገኘሁ። የማጠናከሪያው ክፍል ግድግዳ ባዶ መሆኑን ሳይ ያንኑ ፖስተር በኩራት ይዤ ሄጄ ለጠፍኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ገበታውን በዜማ ሲወጡት ደስ አለኝ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብለው ከጀመሩ እስከ መጨረሻው አይቆሙም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በዱላ «ሶ»ን ነጥዬ ሳመለክት ግን አንዲት ልጅ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳዳምጥ ከ«ሰ» ጀምራ በሹክሹክታ «ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ…» እያለች፣ ጣቷንም በጠረጴዛው ላይ እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። ፊደሉን አላየችውም፤ ቦታውን ነው የቆጠረችው። ገበታው ላይ ከግራ ሰባተኛ ስለሆነ «ሶ» አለች። ይኸንኑ ፊደል ብቻውን በሰሌዳ ላይ ስጽፈው ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ በራሴ ፖስተር ሥር ቆሜ ልጅቷ ከምትቀመጥበት ከሦስት ሜትር ያህል ርቀት ለማየት ሞከርኩ። ሰ፣ ሳ እና ሶ አንድ ናቸው። በ፣ ባ እና ቦም እንዲሁ። አንድ ልጅ «በል» የሚለውን «ባል» ብሎ አንብቦ ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ ልጁን አርሜው ነበር፤ ስህተቱ ግን የእሱ አልነበረም። በፊደላችን የእግር ርዝመት ጌጥ አይደለም፤ ድምፅ ነው። «ሰማ» እና «ሳማ» የሚለያዩት በአንድ እግር ብቻ ነው፤ እኔ ያንን እግር ለውበት ስል ቆርጬዋለሁ።

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር። ክፍሉ በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የእኔ ድምፅ ከመጀመሪያው ረድፍ አያልፍም፤ መብራቱም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት የሚያስተምረው ገበታው ብቻ ነው፤ በጨለማ፣ በርቀት፣ ያለ ማብራሪያ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ተጠቃሚህን ዕወቅ» ተብለን ፐርሶና እንሠራ ነበር፤ የእኔዋ በወረቀት ላይ የፈጠርኳት ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ሥዕልና እንስሳት ትወድ ነበር። ዝናብ ግን አይዘንብባትም ነበር።

ፖስተሩን አወረድኩትና ሌላ ሠራሁ። በአዲሱ ላይ ረጅሙ እግር ከአጭሩ በፊደሉ ቁመት ሲሶ ያህል ይበልጣል፤ ቀለበቶቹ ሰፊና ክፍት ናቸው፤ ፊደሎቹንም በሀ ሁ ተራ ሳይሆን በእግራቸው ሰበሰብኳቸው፦ እንደ ቀ፣ ተ፣ ነ ያሉ ባለ አንድ እግሮች በአንድ ወገን፣ እንደ ለ፣ ሰ፣ በ፣ ከ ያሉ ባለ ሁለት እግሮች በሌላ፣ ሐ፣ ጠ፣ ጨ ለብቻቸው፣ ራብዕ ሲሆኑ እግር የሚያበቅሉት መ፣ ወ እና ዐ ደግሞ ለብቻቸው። ፎቶግራፉን ለአንድ መምህሬ ላሳይ ብልክ «ሚዛኑ ፈርሷል፣ እግሮቹ ተጋንነዋል» የሚል መልስ መጣልኝ። መምህሬ በዲዛይን ዓይን ሲታይ አልተሳሳቱም፤ ገበታው ሸካራ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመመረቂያ ይህን ሸካራ ገበታ ይዤ ብቀርብ ተገቢ ነውን? ወይስ የበጎ ፈቃዱን ሥራና የዲዛይን ትምህርቴን ለያይቼ መያዝ ነበረብኝ?

መስመርና ቦታ — እሑድ፣ ነሐሴ 12

በዚሁ ሙያ ከተመረቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ እንደ ታላቅ ወንድምህ ቆጥረህ ብትሰማኝ ደስ ይለኛል። ጽሑፍህ ልብ የሚነካ ቢሆንም በአንድ ነጥብ ራስህንም ትምህርት ቤትህንም ያለ አግባብ ከስሰሃል። በእኩል ካሬ የተሳለ፣ ውፍረቱ የማይለዋወጥ ፊደል ለርዕስ፣ ለማስታወቂያ፣ ለሱቅ ሰሌዳ የሚሆን ቅርጽ ነው፤ አንባቢው አስቀድሞ ማንበብ እንደሚችል ታስቦ የሚሠራ ነው። ጥፋቱ ፊደሉ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው፤ የሠርግ ልብስ ለብሶ እርሻ እንደመውረድ ማለት ነው። ለረጅም ንባብ የሚሆኑ ቅርጾች አሉን። በ2007 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላን፣ ወይም አቢሲኒካን አስተውለህ ብታይ የመቃ ብዕር ያወረሰው የውፍረትና የቅጥነት ልዩነት አለ፤ እግሮቹም በግልጽ ይለያያሉ። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ብራና ላይ ሲጽፉ ያንን ልዩነት የጠበቁት ለጌጥ ብለው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጥያቄህ ትክክለኛ ቦታ ላይ አርፏል። ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ፊደል ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ነው። በእንግሊዝ ሮዝሜሪ ሳሱን በ1980ዎቹ ለልጆች የሚሆን የላቲን ፊደል ስትቀርጽ መነሻ ያደረገችው የልጆቹን የራሳቸውን ምርጫ ነበር፤ በስሟ የሚጠራው ፊደል እስከ ዛሬ በሕፃናት መጻሕፍት ይሠራበታል። ስለዚህ ለመመረቂያ ይሆናል ወይ ብለህ አትጨነቅ። የምትጨነቀው «ሚዛኑ ፈርሷል» ለሚለው ትችት ምን ብለህ እንደምትመልስ ይሁን፤ ምክንያቱም «ልጆቹ ወደዱት» ብቻውን መልስ አይሆንም። የእግሩን ሲሶ ለምን ሲሶ አደረግኸው? ለምን ሩብ አልሆነም? ይህን በሥራ ማሳየት አለብህ።

የደሴው መምህር — እሑድ፣ ነሐሴ 12

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲጀመር የ19 ዓመት ወጣት ነበርኩና እንዳንተው በክረምት ፊደል ላስተምር ወደ ገጠር ወረድኩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ትልቅ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን የማስታውሰው በኩራዝ ብርሃን ከእርሻ ደክመው የሚመጡ አባወራዎችን ነው። እነሱም እንደ አንተዋ ልጅ በዜማ ይወጡትና ፊደሉን ነጥዬ ስጠይቃቸው ይጠፋባቸው ነበር።

አንተ አሁን ያገኘኸውን ችግር የቄስ ትምህርት ቤት ከብዙ ዘመን በፊት ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም አዘጋጅቶለታል። ልጁ ሀ ሁን በተራው ከጨረሰ በኋላ የኔታ «አቡጊዳ»ን ያስቆጥሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፤ ፊደሉም ተራውም ተለዋውጦ ይመጣል። ዜማው ስለተሰበረ በቃል የሚወጣ ነገር አይኖርም፤ ልጁ የግድ ዓይኑን ፊደሉ ላይ ያደርጋል። ከዚያም የሐዋርያው የዮሐንስን መልእክት ይዞ፣ በስንጥር ፊደል በፊደል እያመለከተ ወደ ንባብ ይገባል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀ ሁን ወስዶ አቡጊዳን ተወው፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በእግር መሰብሰብህን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹ ያንንም ተራ በሁለት ሳምንት በቃላቸው ይይዙታል። ገበታህ በየሳምንቱ ተራው የሚለዋወጥ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ነሐሴ ሲያልቅ አንተ ወደ ትምህርትህ ትመለሳለህ። ልጅቷስ? እኛ በዘመቻው ጊዜ ከአንድ መንደር ስንወጣ ማንበብ የጀመሩ ሰዎች የሚያነቡት ነገር አጥተው ከዓመት በኋላ ፊደሉን የረሱበትን ቦታ አይቻለሁ።

ጥቁር ቀለም — እሑድ፣ ነሐሴ 12

መስመርና ቦታ፣ የሠርግ ልብሱን ተቀብያለሁ። ሲሶ ያደረግኩት በዓይን ግምት እንጂ በሙከራ አይደለም፤ ስለዚህ ለገምጋሚዎች የምሰጠው መልስ ገና የለኝም።

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አቡጊዳ የሚለውን ቃል የማውቀው የፊደል ሌላ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለምን እንደተዘጋጀ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በዲዛይን ክፍል ብሰማው ኖሮ «የተጠቃሚ ሙከራ» ተብሎ በአንድ ሙሉ ምዕራፍ ይቀርብልን ነበር ብዬ አሰብኩ። ፊደሎቹን በካርቶን ላይ ነጣጥዬ በመንጠቆ የሚሰቀሉ አደርጋቸዋለሁ። ስለ ነሐሴው ጥያቄዎ ግን አሁን የምመልሰው የለኝም። ነገ ቡሄ ስለሆነ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ላይ ናቸውና ትምህርት የለም፤ እስከ ማክሰኞ አስብበታለሁ።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት — ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እንደ ሌሎቹ ለስለስ ያለ አስተያየት ስለማልሰጥ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በየክረምቱ በጎ ፈቃደኞች ወደ ትምህርት ቤታችን ይመጣሉ። ሁሉም ቅን ልጆች ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ ከልጁ ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ሥራ ጋር ይመጣሉ፤ አንዱ ለፕሮጀክቱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው መጠይቅ ያስሞላል። መስከረም ላይ ልጆቹ የሚመለሱት ወደ እኔ ነው። ባለፈው ዓመት ክፍሌ ውስጥ 68 ተማሪዎች ነበሩ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ከንፈር ለማየት ጊዜ የለኝም። አንተ ያየኸውን ነገር ማየት የቻልከው ጥቂት ልጆች ስለነበሩህ ነው፤ በዚህ ቅር አልሰኝም፤ እንዲያውም ለመምህራን ንገረን። ግን እኔ የምለውን አስብ፦ የመጀመሪያው ፖስተርህ ልጆቹ ላይ ተሞከረ፤ ሁለተኛውም ተሞከረ፤ አሁን ደግሞ ስድስት ዓመት የሠራ ባለሙያ የእግሩን ርዝመት በሥራ አሳይ ብሎሃል፤ ሦስተኛውም ሊሞከር ነው። ወላጆቻቸውን ጠይቀሃል? በልጆቹ የክረምት ጊዜ ነው የምትማረው።

የችግሩን ስፋት ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን ያመጣው የፊደል ቅርጽ አይደለም። መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፤ ልጁ ቤት ሲገባ የሚነበብ ወረቀት የለም። የእግር መርዘም ይህን ሁሉ እንደማይፈታ አንተም የምታውቅ ይመስለኛል።

ጥቁር ቀለም — ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

እትዬ መምህርት፣ ያልጻፍኩትን ነው የነኩብኝ።

ሐምሌ ውስጥ የመጨረሻ ሥራዎቼን የማስረክብበትና የምገመገምበት ጊዜ ስለነበር ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀርቻለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ «በጎ ፈቃድ ስለሆነ» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስመለስ የልጅቷ እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ። በጉሊት የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ቅዳሜ ገበያ የሚደራበት ቀን ቢሆንም ልጃቸውን ከሥራ አስቀርተው ይልኳት ነበር። አልተቆጡም። «ትመጣለህ ብላ ሦስቱንም ቀን ሄዳለች» ብቻ አሉኝ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ይህን የተውኩት ረስቼው አይደለም።

ወላጆችን ስለመጠየቅ፦ አልጠየቅኩም ነበር። በዛሬው ክፍል ማብቂያ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ለመጡት ወላጆች ገበታው የትምህርቴ ሥራ መሆኑን፣ ለመመረቂያ ላቀርበው እንደምችል፣ የልጆቹን ስምና ፎቶ እንደማልጠቀም ነገርኳቸው። ስድስቱ እሺ አሉ፤ አንድ አባት «ልጄ ማንበብ ከቻለ እንደፈለግህ አድርግ፤ ካልቻለ ግን ስሙን አይደለም ጥላውን አታንሳ» አሉኝ። ያልመጡትን በየቤታቸው እጠይቃለሁ።

ገበታው መጽሐፍ እንደማይተካ እስማማለሁ። ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። ለሦስት ልጅ የሚደርሰው አንድ መጽሐፍ ከሆነ፣ ያ መጽሐፍ ከሩቅና ከጎን ጭምር የሚነበብ መሆኑ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ሁለት ልጆች ሁልጊዜ ከጎን ነው የሚያነቡት።

የማተሚያ ቤት ሰው — ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

በማተሚያ ቤት 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የጀመርኩት ፊደል ለቃሚ ሆኜ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደሎችን ከሳጥን እየለቀምኩ ለኅትመት በመደርደር ነው። ስለ ትምህርት አላውቅም፤ ስለ ቀለምና ወረቀት ግን ሁለት ነገር ልበል።

የላቲን ፊደል ለቃሚ የሚሠራባቸው ሳጥኖች ጥቂት ናቸው። የእኛ 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ በዚያ ላይ እንደ ሏ ያሉት ዲቃላዎችና አኃዞቹ ይጨመራሉ። አዲስ የገባ ልጅ ፊደል ሲያሳስት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስተው ሰ እና ሳን ነበር፤ እናም አንተ ያልከው ችግር የሕፃን ብቻ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩም የጽሕፈት መኪናውን ለአማርኛ ሲያመቻቹ ዋናው ፈተናቸው የፊደሉ ብዛት ነበር፤ ቁልፉ ስለማይበቃ የድምፁን ምልክት ለብቻው መምታት ግድ ሆነ። በዚያ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ብታገኝ ምልክቶቹ ከፊደሉ ትንሽ ፈንጠር ብለው ታያቸዋለህ፤ ያም ሆኖ ሰው ያነበው ነበር፤ ምክንያቱም ምልክቱ ቢያስቀይምም ይታያል።

ወደ ሥራው ልምጣ። ገበታህን አንተ በጥሩ ወረቀት ታትሞ ነው የምታየው። ልጁ እጅ የሚገባው ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። ቀለም በርካሽ ወረቀት ላይ ይሰፋል፤ በየኮፒው ደግሞ ይወፍራል። መጀመሪያ የሚደፈነው የፊደል ዓይን ነው። የ«ቤ» ቀለበት ሲደፈን «ቢ» ይሆናል፤ «ቤት»ን «ቢት» ብሎ የሚያነብ ልጅ ካለህ ልጁን ከመቆጣትህ በፊት ወረቀቱን እየው። ስለዚህ ፊደሉን ከጨረስክ በኋላ ሰፈርህ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሂድ፤ ኮፒውን መልሰህ ኮፒ አስደርግ፣ አራት ጊዜ። አራተኛው ላይ ቀለበቱ ክፍት ከሆነ ሥራህ ሥራ ነው። ላሚኔት አታድርገው፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ያንጸባርቅበትና ግማሹ ክፍል ነጭ ነገር ብቻ ያያል።

ሲልቨር ስፕሪንግ — ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

እኔ የምኖረው በሜሪላንድ ነው፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ፤ እኔም በፈቃደኝነት ነው። የእናንተን ክርክር ስከታተል ችግራችን ምን ያህል እንደሚመሳሰልና የት ላይ እንደሚለያይ ታየኝ።

ሀ ሁን በዜማ የማይወጣ ልጅ እዚህም የለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ላይ ወላጅ ፊት ይዘምሩታል፣ ወላጅም ያጨበጭባል፣ ልጁ ግን የራሱን ስም በፊደል ማንበብ አይችልም። አቡጊዳውን በሚቀጥለው እሑድ እሞክረዋለሁ። ልዩነቱ ግን የእኔ ልጆች ፊደሉን ቢለዩ እንኳ ድምፁን አይለዩም። ተ እና ጠ፣ ከ እና ቀ ለጆሯቸው አንድ ነው። የአዲስ አበባዋ ልጅ «ጠጅ» ስትል ድምፁን ያለ አስተማሪ ታውቀዋለች፤ ፊደሉን ነው የምትፈልገው። ለእኔ ልጆች ፊደሉ የሚጠቁመው ድምፅ ራሱ እንግዳ ነው። ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን ሦስት ሆኑ ብለው ሲጠይቁኝ የግዕዝን ታሪክ መንገር እጀምርና ግማሹ ክፍል ስልኩን ያወጣል።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውም አለ። «አለ» የሚለውን ላልቶ ሲያነቡት «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ጽሕፈታችን አይለየውም። «ገና»ም እንዲሁ፤ በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ከአገባቡ ያውቀዋል፤ የእኔዎቹ አያውቁም። ለጀማሪ የሚሆን ፊደል ከተሠራ በጠባቂው ፊደል ላይ ነጥብ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ብታስብበት እወዳለሁ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚያገኙበት የጋራ ሥርዓት) ከገባ ወዲህ እዚህም እዚያም ያለን ሰዎች አንዱን ፋይል መጠቀም እንችላለን፤ ስለዚህ ፊደሉን ስትጨርስ ለእኛም ላክልን።

ከነታንያ — ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

አጭር ነገር ልጨምር። በእስራኤል ልጆች ዕብራይስጥ ማንበብ ሲጀምሩ ከፊደሉ ሥርና ላይ የአናባቢ ነጥቦች ይደረጉላቸዋል፤ ማንበብ ሲለምዱ ነጥቦቹ ይነሳሉ፤ ጋዜጣው ያለ ነጥብ ነው። ለጀማሪ የተለየ ጽሕፈት ማዘጋጀት እዚህ ማንም የሚያፍርበት ነገር አይደለም። እኔ የምረዳቸው ግን ልጆች አይደሉም፤ ከጎንደር መንደሮች በጎልማሳነት የመጡ፣ በየትኛውም ቋንቋ አንብበው የማያውቁ እናቶች ናቸው። ለእነሱ በአበባና በጥንቸል ያጌጠ ገበታ ይዞ መቅረብ ንቀት ሆኖ ይሰማቸዋል። አንዲት እናት «ይኼ የልጅ ልጄ ነው» ብለው መልሰውልኛል። ገበታህ ላይ ሥዕል አለመኖሩን ወድጄዋለሁ፤ እባክህ አትጨምርበት።

መስመርና ቦታ — ሐሙስ፣ ነሐሴ 16

የጠብቆ ነጥብ የሚለው ሐሳብ የሚቻል ነው፤ ዩኒኮድ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ ከፊደል በላይ የሚቀመጥ ምልክት አለ። ነገር ግን ጥቁር ቀለም፣ ሁሉንም ሰው ለማስደሰት አትሞክር። የሜሪላንዱ ልጅ፣ የነታንያዋ እናትና የቆርቆሮ ክፍሉ ልጅ በአንድ ገበታ አይረኩም። ለመመረቂያህ አንዱን ምረጥ። እኔ ብሆን የቆርቆሮውን እመርጥ ነበር፤ ዝናቡን የምታውቀው አንተ ነህና።

የእግሩን ርዝመት ጉዳይ ግን አልለቅህም። መምህርቷ ያሉትም እውነት ስለሆነ ሙከራውን ልጆቹ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በራስህና በጓደኞችህ ላይ አድርገው። ሩብ፣ ሲሶና ግማሽ አድርገህ አትም፤ መብራት አጥፍተህ ከሦስት፣ ከአምስትና ከሰባት ሜትር እዩት። ማንበብ የሚችል ሰው ከሰባት ሜትር ያልለየውን ፊደል ልጁ ከሦስት ሜትር ይለየዋል ብለህ አትጠብቅ። ማተሚያ ቤት ያሉት ጋሼ የሰጡህን የአራት ኮፒ ፈተና ደግሞ ጻፈው፤ በገምጋሚ ፊት ከማንኛውም የተዋበ ማብራሪያ ይሻልሃል።

ጥቁር ቀለም — ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሐሙስ ማታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የቤታችንን ኮሪደር አጨልመን ሙከራውን አደረግን። ሩቡ ከአምስት ሜትር በኋላ ይጠፋል። ግማሹ ይታያል፤ ነገር ግን ፊደሉ ሌላ ፊደል እስኪመስል ይዛባል፤ አንዱ ጓደኛዬ «ባ»ን «ገ» አለው። ሲሶው ከሰባት ሜትር ተነበበ። በግምት ያገኘሁት ትክክል ሆኖ በመገኘቱ ደስ ማለት ሲገባኝ ትንሽ አፈርኩ፤ ዕድል እንጂ ዕውቀት አልነበረም።

የፎቶ ኮፒው ፈተና ግን ጣለኝ። በሦስተኛው ኮፒ ላይ የ«ሌ»፣ የ«ቤ» እና የ«ሴ» ቀለበቶች ተደፈኑ። ቀለበቱን ይበልጥ አስፍቼ፣ ከእግሩም ትንሽ አውጥቼ እንደገና ሳልኩት፤ ዛሬ ጠዋት አራተኛውን ኮፒ አለፈ። ቅርጹ ከበፊቱ የባሰ አስቀያሚ ሆኗል።

ስለ ነሐሴው፣ መምህር፣ ሁለት ነገር ወስኛለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ እሄዳለሁ፤ በፈተናና በግምገማ ሳምንት የምትተካኝ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ አለች፤ ልጆቹም እንዲያውቋት ዛሬ ይዣት ሄድኩ። ካርቶኖቹን ደግሞ ለልጆቹ መደበኛ ትምህርት ቤት መምህርት አስረክባለሁ። እትዬ መምህርት፣ የባሕር ዳሩን ክፍል ስላስታወሱኝ አንድ ተጨማሪ ስብስብ ለእርስዎ እቆርጣለሁ፤ መላኪያውን እንነጋገራለን።

ልጅቷ ዛሬ መጣች። ካርቶኖቹን ከመንጠቆው አውርጄ በተዘበራረቀ ሁኔታ ጠረጴዛው ላይ ስበትናቸው ዝናቡ ጀመረና መነጋገር አቃተን። «ሳ»ንና «ማ»ን አንስታ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች። ከንፈሯን አየሁት፤ አልቆጠረችም። ከዚያ «ሳ»ን አነሳችና «ሰ»ን አደረገችበት። ቀና ብላ አየችኝና በጣቷ ጆሮዋን ነካች። ሰማ ማለቷ ነበር። ሌሎቹ ሁለት ልጆች ግን አሁንም ይቆጥራሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ተራው ሲዘበራረቅበት ተናዶ አለቀሰ፤ ለእሱ ሌላ መንገድ መፈለግ አለብኝ።

የማተሚያ ቤቱ ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ላስቸግርዎት። ካርቶኑን በምን ውፍረት ባሳትመው ይሻላል? አሁን የተጠቀምኩት ከመንጠቆው ላይ እየታጠፈ ይወድቃል።

የማተሚያ ቤት ሰው — ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

የተገዛ ካርቶን አያስፈልግህም። የመጽሐፍ ልባስ ስንቆርጥ የሚተርፈን ወፍራም ቁራጭ ይጣላል፤ ለመዳፍ መጠን ፊደል ይበቃል። ፊደሉን በወረቀት አትመህ ለጥፍበት፤ መንጠቆውን ከላይ ከመሃል ሳይሆን ሁለት ቦታ ብሳው፣ አይዞርብህም። ሰኞ ከሰባት ሰዓት በኋላ መጋዘኑ ክፍት ነው፤ የት እንደሆነ በግል መልእክት እጽፍልሃለሁ። ጆንያ ይዘህ ና።